ያለ ሥጋ፣ ያለ እንጀራ 90 ደቂቃ ይሮጣል?

አርሴን ቬንገር አርሰናልን ከተረከቡ ገና ሁለት ሳምንት አልሞላቸውም። ወሩ እ.ኤ.አ ኦክቶበር 1996 ነው። መድፈኞቹ በአዲሱ ፈረንሳዊ አሰልጣኝ እየተመሩ የመጀመሪያ ጨዋታቸውን ለማድረግ ወደ ብላክበርን ተጉዘዋል። በዚያ ጉዞ ተጫዋቾቹ በአንድ ድምፅ ሲዘምሩ ተሰሙ። መዝሙሩ ግን የክለቡ አልነበረም። ቬንገር የከለከሏቸው ማርስ የተባለው ቸኮሌት እንዲመለስላቸው ነበር የሚጠይቁት! ጨዋታውን 2 ለ 0 አሸነፉ፣ ሁለቱንም ጎሎች ኢያን ራይት አገባ፣ ቸኮሌቱ ግን አልተመለሰም። በ1998 ሊጉንና የኤፍ ኤ ካፑን ዋንጫ ደርበው ወሰዱ።

ይህን ታሪክ ያልሰማ የአርሰናል ደጋፊ አዲስ አበባ ላይ ማግኘት ይከብዳል። ብዙው ሰው የሚዘነጋው ግን አንድ ነገር አለ። ፕሮፌሰሩ ስኳሩንና ጮማውን ከሰሃኑ ላይ ሲያነሱ ሩዙንና ፓስታውን አልነኩም። የተቀቀለ ዶሮ፣ በእንፋሎት የበሰለ አትክልት፣ ከጎኑ ሩዝ ወይም ፓስታ። ተጫዋቹ እስከ መጨረሻው ደቂቃ እንዲሮጥላቸው የሚፈልጉ አሰልጣኝ ነዳጁን ሊቀንሱበት አይችሉም ነበርና።

ከዚያ ወዲህ ዘመኑ ሌላ ፋሽን ይዞ መጥቷል። ‹‹ሎው ካርብ›› ይሉታል። እንጀራውን፣ ዳቦውን፣ ፓስታውን፣ ሩዙንና ስኳሩን ቆርጦ በሥጋ፣ በእንቁላልና በቅባት መኖር ማለት ነው። የጂም ቤት ወሬ ሁሉ እሱ ሆኗል። በሌላ በኩል ደግሞ ‹‹ሥጋ በቃኝ›› የሚል ተጫዋች በአውሮፓ እየተበራከተ ነው። ሁለቱ በየፊናቸው ሲሄዱ ችግር የለም። አንድ ሰው ላይ ሲገናኙስ? ሥጋም የለም፣ እንጀራም የለም! በዚያ ላይ በለንደን ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ሞልቶ የሚታየው የአኩሪ አተር ቋሊማና ካርቦሃይድሬቱ የተቀነሰ ዳቦ ሰፈር ውስጥ ካለ ሱቅ አይገኝም። ታዲያ ሰሃኑ ላይ ምን ይቀራል?

ጥያቄው ለፈረንጅ ብቻ የሚተው አይደለም። ረቡዕና ዓርብን፣ ሁዳዴንና ሌሎቹን አጽዋማት የሚጾም ኢትዮጵያዊ በዓመት 180 ቀን ያህል ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አይነካም። በእነዚያ ቀናት ‹‹ካርቦሃይድሬት ልቀንስ›› ካለ ከአውሮፓው ቬጂቴሪያን የባሰ ጠባብ ሜዳ ላይ ነው የሚጫወተው። ቬጂቴሪያኑ ቢያንስ እንቁላልና አይብ አለው።

ታንኩ ሲያልቅ

ትምህርት ቤት ‹‹ኃይል ሰጪ፣ ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ›› እየተባለ የተሸመደደው ነገር ሜዳ ላይ ሲታይ ቀልድ አይደለም። ሰውነት ከእንጀራውም ከፓስታውም ያገኘውን ካርቦሃይድሬት ግላይኮጅን በሚባል መልክ በጡንቻና በጉበት ውስጥ ያስቀምጣል። ጠቅላላ ክምችቱ በአንድ አዋቂ ሰው ላይ 500 ግራም ገደማ ነው። ግማሽ ኪሎ ብቻ! ስብ እንኳ ብዙ አለ፤ ቀጭን የሚባለው ተጫዋች ራሱ ኪሎዎች ተሸክሞ ነው የሚሮጠው። ችግሩ ስብ እንደ ግንድ ቀስ ብሎ የሚነድ መሆኑ ነው። ክንፍ ላይ ያለው ተጫዋች ኳስ ተሻግሮለት በሙሉ ፍጥነት ሲፈተለክ ጡንቻው የሚፈልገው ወዲያው የሚቀጣጠለውን ነው።

ስዊድናዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ቤንት ሳልቲን እ.ኤ.አ በ1973 ያሳተመው ጽሑፍ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ነው። የግላይኮጅን ክምችታቸው ሞልቶ ጨዋታ የጀመሩ ተጫዋቾች 12 ኪሎ ሜትር ሲሸፍኑ፣ ጎድሎባቸው የገቡት 9.7 ኪሎ ሜትር ላይ ቀሩ። ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ። የመጀመሪያዎቹ ከሸፈኑት ርቀት 27 በመቶውን በእርምጃ ሲሄዱ፣ ሁለተኛዎቹ ግን ግማሹን በእርምጃ ነበር የጨረሱት። ግማሹን! ደጋፊው ‹‹ይሄ ልጅ ፍላጎት የለውም፣ ቀይሩት!›› እያለ የሚጮህበት ተጫዋች አንዳንዴ ፍላጎት ሳይሆን ቀለብ ነው ያጣው። ጎል የሚበዛው በመጨረሻዎቹ 15 ደቂቃዎች ላይ መሆኑም ከዚህ ጋር አብሮ የሚታይ ነው።

የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር የሥነ ምግብ ባለሙያዎቹን ሰብስቦ እ.ኤ.አ በ2020 ያወጣው የጋራ ሰነድ ለተጫዋቹ በጨዋታው ዋዜማ፣ በጨዋታው ቀንና በማግሥቱ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ6 እስከ 8 ግራም ካርቦሃይድሬት ይመክራል። 75 ኪሎ ለሚመዝን አማካይ በቀን ከ450 እስከ 600 ግራም ማለት ነው። ሎው ካርብ የሚባለው አመጋገብ ጣሪያው ብዙውን ጊዜ 130 ግራም ነው፤ ጠንከር ያለው፣ ‹‹ኪቶ›› የሚሉት፣ ከ50 ግራም በታች። ሂሳቡ ሳይጀመር አለቀ።

‹‹ሰውነት ይለምደዋል፣ በስብ መሮጥ ይማራል›› የሚል ክርክር አለ። ክርክሩ ከሜዳ ውጪ ተፈትኗል። አውስትራሊያዊቷ የሥነ ምግብ ተመራማሪ ሉዊዝ በርክ ምርጥ የእርምጃ ሯጮችን ለሦስት ሳምንት ከባድ ልምምድ አሰባስባ በአመጋገብ ከፋፈለቻቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ በ2017 ታተመ። ካርቦሃይድሬት በሙሉ ሲመገቡ የከረሙት የ10 ኪሎ ሜትር ሰዓታቸውን በ6.6 በመቶ አሻሻሉ። በስብ የከረሙት ግን ያን ሁሉ ልምምድ ሠርተው በ1.6 በመቶ ዘገዩ። ሰውነታቸው ስብ ማቃጠሉን ተምሮ ነበር፤ እሱስ እውነት ነው። ነገር ግን ስብ ያንኑ ያህል ኃይል ለመስጠት ከካርቦሃይድሬት የበለጠ ኦክስጅን ይጠይቃል። ፍጥነቱ ሲጨምር ሳንባው አልደርስ አለ።

ትልልቆቹ ክለቦች አሁን የሚሄዱበት መንገድ መሐል ላይ ነው፤ እንደ ሥራው መብላት። በፕሪሚየር ሊግ 6 ተጫዋቾች ላይ ተደርጎ በ2017 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው ተጫዋቾቹ በጨዋታ ቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 6.4 ግራም፣ በልምምድ ቀን ደግሞ 4.2 ግራም ካርቦሃይድሬት ነበር የሚመገቡት። የቀነሱበት ቀን እንኳ ከሎው ካርብ ጣሪያ ከእጥፍ በላይ ነው።

ሥጋ የማይበላው ክለብ

እንግዲህ ካርቦሃይድሬቱ ቀርቶ ሥጋው ብቻ ቢወጣስ? ለዚህ መልሱ ያለው ኔይልስዎርዝ በተባለች፣ 6 ሺህ ያህል ሕዝብ በሚኖርባት የእንግሊዝ ትንሽ ከተማ ነው። የፎረስት ግሪን ሮቨርስ መኖሪያ ናት። ዴል ቪንስ የተባለው የአረንጓዴ ኃይል ነጋዴ ክለቡን እ.ኤ.አ በ2010 ያዘ፤ በዓመቱ ቀይ ሥጋ ከተጫዋቾቹ ጠረጴዛ ላይ ተነሳ፤ በ2015 ደግሞ ስታዲየሙ ሙሉ በሙሉ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነፃ ሆነ። ደጋፊው ለሻይ የሚሆን የላም ወተት እንኳ አጣ። የተቀናቃኝ ደጋፊዎች ሳቁ፣ አላገጡ። ፎረስት ግሪን ግን በ2017 ዌምብሌይ ላይ ትራንሚርን 3 ለ 1 ረቶ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እንግሊዝ የሊግ እርከን ወጣ። በ2022 የሊግ ቱ ሻምፒዮን ሆነ፤ ከኤክሴተር የበለጠው በጎል ልዩነት ብቻ ነበር።

ለሚዛናዊነት ሲባል የቀረውም ይነገር። ክለቡ በ2023ም በ2024ም በተከታታይ ወረደ። ሲወጣ ‹‹በጎመን ነው›› ያለ ሰው ሲወርድም በጎመን ነው ሊል ነው፤ ሁለቱም ትክክል አይደለም።

ስፔናዊው ሄክተር ቤለሪን አርሰናል ሳለ ሥጋውንም ወተቱንም ተወ፤ በ2020 ገንዘቡን አውጥቶ የዚሁ የፎረስት ግሪን ሁለተኛው ትልቁ ባለድርሻ ሆነ። እንግሊዛዊው ተከላካይ ክሪስ ስሞሊንግም እንዲሁ ከእንስሳት ተዋጽኦ ከራቀ በኋላ ነው በ2022 ቲራና ላይ ሮማ ፌይኖርድን 1 ለ 0 አሸንፎ የኮንፈረንስ ሊግ ዋንጫ ሲያነሳ የጨዋታው ኮከብ የተባለው። በጉልበት ከአጥቂ ጋር ሲታገል የሚውል የመሐል ተከላካይ ነው። ያለ ሥጋ ይሮጣል፣ ይታገላልም።

ይሁንና የእነዚህ ሰዎች ሰሃን ላይ ሥጋው በወጣበት ቦታ ምን እንደገባ መታየት አለበት። ባቄላ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ አጃ ነው። ሥጋ ሲወጣ ካርቦሃይድሬት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። እዚህም በጾም ወራት ልምምድ የሚሠራ የኛ ተጫዋች የሚያጣው ኃይል ሰጪውን አይደለም፤ እንጀራው በእንጀራ፣ ሽሮው በሽሮ ላይ ነው። የሚጎድለው ፕሮቲኑና ከእንስሳት ምግብ ብቻ የሚገኘው ቫይታሚን ቢ 12 ነው።

ታዲያ ሎው ካርብ የማን ነው?

የደጋፊው ነው! ማንም ቅር እንዳይለው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ቢሮ ወንበር ላይ፣ ቅዳሜና እሑድ ዲኤስቲቪ ቤት ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው 12 ኪሎ ሜትር የሚያስሮጥ ነዳጅ በየቀኑ ይሞላል። መኪናው ግን አይንቀሳቀስም። ቀበቶው አንድ ቀዳዳ ወደ ውጪ ይሄዳል፤ ቀጥሎ ደም ግፊት፣ ቀጥሎ ስኳር። ሐኪሙ ‹‹እንጀራ ቀንስ›› ሲለው ዓለም የዞረችበት ያህል ይሰማዋል። ሁዳዴ ላይ ከሆነ ደግሞ ‹‹እንጀራ ቀንሼ ምን ልበላ?›› ይላል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው።

ሥጋ ሳይነኩ ካርቦሃይድሬት መቀነስ እንደሚቻል በሳይንስ ያሳዩት ካናዳዊው ዶክተር ዴቪድ ጄንኪንስ ናቸው። ቶሮንቶ ላይ 47 ወፍራምና ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያለ ሰዎችን ወስደው ለአራት ሳምንት መገቡ። አንደኛው ቡድን ከምግቡ ኃይል 26 በመቶውን ብቻ ከካርቦሃይድሬት አገኘ፤ የቀረው ከአትክልት ፕሮቲንና ዘይት ነው። ሌላኛው ቡድን 58 በመቶ ካርቦሃይድሬት ያለው የተለመደውን የቬጂቴሪያን ምግብ በላ። እ.ኤ.አ በ2009 በታተመው ውጤት መሠረት ሁለቱም ቡድኖች 4 ኪሎ ያህል ቀነሱ። ልዩነቱ የታየው ደም ውስጥ ነው፤ መጥፎው ኮሌስትሮል በሎው ካርቡ ቡድን የበለጠ ወረደ።

ለሰዎቹ ይቀርብላቸው የነበረው ግን የስንዴ ግሉተን ዳቦ፣ የአኩሪ አተር በርገር፣ የቶፉ ቁርጥራጭና የአኩሪ አተር ወተት ነበር። አብዛኛው በፋብሪካ ተዘጋጅቶ፣ ታሽጎ የመጣ። መርካቶ ሄዶ ይህን የሚጠይቅ ሰው ምን እንደሚባል መገመት አያቅትም።

ጓዳው ውስጥ ያለው ቡድን

ደግነቱ የእኛ ጓዳ ባዶ አይደለም። አሰላለፉ ነው የሚቀየረው። መጀመሪያ ወደ ተጠባባቂ ወንበር የሚሄደው ማን እንደሆነ ይታወቅ። በ100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ ከ70 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት አለ። ብረት አለው፣ ፋይበር አለው፣ ክብሩ አይነካም፤ ግን በቀን 50 ግራም ላይ ለሚጫወት ሰው አንድ እንጀራ ኮታውን ይጨርሰዋል። ቆጮና ቡላም ሙሉ ለሙሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን ስታርች ናቸው። ድንች፣ ቆሎ፣ አጥሚት ሁሉም ያው ናቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ምስርና ሽምብራ ላይ ነው። ‹‹ገንቢ ነው›› ተብሎ ስለተለመደ ሽሮ በብዛት ቢበላ ምንም አይመስለውም። ደረቁ ምስርም ሽምብራም ከ100 ግራሙ 60 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት ነው። ፋይበሩና ፕሮቲኑ ስኳሩ ቀስ ብሎ እንዲገባ ስለሚያደርግ ከዳቦ በብዙ ይሻላል፤ በጭልፋ እየቆጠሩ መብላት ይቻላል፤ ድስቱን ሙሉ ግን አይደለም።

ፍስክ ላይ ያለ ቬጂቴሪያን ሥራው ቀላል ነው። እንቁላል የቡድኑ አምበል ነው፤ አንዱ 6 ግራም ፕሮቲን ይዞ ካርቦሃይድሬቱ ከ1 ግራም በታች ነው። አይብ፣ ያልጣፈጠ እርጎ፣ ቅቤ አሉ። ጎመን በአይብ፣ ቆስጣ በእንቁላል፣ እንጉዳይ በቅቤ ተጠብሶ ቃሪያ ጣል ቢደረግበት፣ አቮካዶ በሎሚና በጨው። በ100 ግራም አቮካዶ ውስጥ ካለው ወደ 9 ግራም የሚጠጋ ካርቦሃይድሬት 7ቱ ፋይበር ነው፤ ወደ ደም ስኳር የሚለወጠው ትንሽ ነው። አበባ ጎመን በመፈቅፈቂያ ተፈቅፍቆ በዘይት ጠበስ ሲደረግ ሩዝ ይመስላል፤ ሩዝ ነው ብሎ የሚምል ባይኖርም ወጥ ይቀበላል። ጥቅል ጎመንም በረጅሙ ተቆርጦ ለብ ለብ ከተደረገ እንደ ፓስታው በሱጎ ይበላል።

ጾሙ ሲገባ ነው ፈተናው። እንቁላሉ፣ አይቡ፣ ቅቤው በአንድ ጊዜ ቀይ ካርድ ያያሉ። ያኔ ተቀይሮ የሚገባው ተልባ ነው። ሰው ለሆድ ድርቀት ብቻ የሚያስበው ተልባ በ100 ግራም ውስጥ 29 ግራም ካርቦሃይድሬት ቢኖረውም 27ቱ ፋይበር ነው፤ 18 ግራም ፕሮቲን፣ 42 ግራም ስብ ይዟል። ፈረንጆቹ ‹‹ሎው ካርብ ዳቦ›› ብለው በውድ የሚሸጡት ነገር አንዱ ዋነኛ ቅመም ይኸው ነው! እዚህ ግን ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ በውሃ ይበጠበጣል። ማር ወይም ስኳር ከተጨመረበት ነገሩ ተበላሸ። በበርበሬና በጨው ተበጥብጦ ለጎመን ማባያ ሲሆን ግን ጉድ ነው። ሱፍና ሰሊጥም በዚሁ መስመር ናቸው። ሱፍ በፍትፍት ብቻ የሚታሰብ ሆኖ ነው እንጂ ወተቱ ለቆስጣ፣ ለዝኩኒና ለእንጉዳይ ቢደረግ ማን ይከለክላል? ኦቾሎኒ ደግሞ በየጥጉ በጥራጊ ወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጥ ነው፤ ከ100 ግራሙ ሩቡ ፕሮቲን ነው።

ሳይነገርለት የኖረው ኮከብ ግን ግብጦ ነው። ጎጃምና አዊ አካባቢ ይበቅላል፤ ሌላው ሰው በአረቄው ብቻ ነው የሚያውቀው። የተቀቀለ 100 ግራም ግብጦ 15 ግራም ያህል ፕሮቲንና 10 ግራም ካርቦሃይድሬት ሲኖረው፣ ያንኑ ያህል የተቀቀለ ምስር 9 ግራም ፕሮቲንና 20 ግራም ካርቦሃይድሬት ነው ያለው። ግልባጩ ማለት ነው። በምዕራብ አውስትራሊያ የዚህን ዘመድ በስፋት ያመርቱታል፤ ዱቄቱም ካርቦሃይድሬት ለሚሸሽ ሰው በሱፐርማርኬት ይሸጣል። የእኛው ግብጦ ግን መራራ ነው፤ ምሬቱም የቀለም ጉዳይ ሳይሆን መርዝ ነው። ባለሙያዎቹ የጎጃም እናቶች ከቆሉት ወይም ከቀቀሉት በኋላ ለቀናት ውሃ እየቀያየሩ ወይም ወንዝ ውስጥ ዘፍዝፈው ምሬቱ ሙልጭ ብሎ እስኪወጣ የሚጠብቁት ለዚህ ነው። ምላስ ላይ ምሬት ካለ አይበላም፤ አለቀ።

ቶፉ የሚባለውም ቢሆን እንደ ስሙ የራቀ አይደለም። አኩሪ አተር አገር ውስጥ ይመረታል። አድሮ የተዘፈዘፈ አኩሪ አተር ይፈጫል፣ ከውሃ ጋር ተጨምቆ ይጠለላል፣ የወጣው ወተት በደንብ ይፈላል፣ ከዚያ ሎሚ ጠብ ሲደረግበት እንደ አይብ ይቋጠራል፤ በነጠላ ጨርቅ ተቋጥሮ ድንጋይ ይጫንበታል። አሬራ አሙቃ አይብ የምታወጣ እናት አንዴ ብታየው ይበቃታል። የግሉተኑም ነገር እንዲሁ ነው። የስንዴ ሊጥ በውሃ ውስጥ እየታሸ ነጩ ስታርች ሲታጠብ ላስቲክ የመሰለ ፕሮቲን ይቀራል፤ ተቀቅሎ፣ ተቆራርጦ፣ በሽንኩርትና በበርበሬ ሲጠበስ ጥብስ አይደለም ለማለት መቅመስ ያስፈልጋል። ስንዴ የማይስማማው ሰው ግን አይጠጋውም።

ዲኤስቲቪ ቤት ያለው ፈተና ደግሞ ሌላ ነው። ቤት ውስጥ በግራም የቆጠረ ሰው ደርቢው ሲጀመር ሁሉን ይረሳል። 300 ሚሊ ሊትሩ ለስላሳ ብቻውን ከ30 ግራም በላይ ስኳር ነው፤ አንድ ቢራ ደግሞ ከ10 ግራም የማያንስ ካርቦሃይድሬት ይዟል፤ ሳምቡሳው፣ ፓስቲው፣ ቆሎው ይከተላል። ቡና ያለ ስኳር፣ አምቦ ውሃ በሎሚ፣ እፍኝ ኦቾሎኒ የሚለው መፍትሔ ቡድኑ 3 ለ 0 እየተመራ ሲሆን አይዋጥም ይባል ይሆናል። እየመራም ሆነ እየተመራ የእረፍት ሰዓቱ ያው 15 ደቂቃ ነው።

ሐኪሙን ያላማከረ

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ጤነኛ ሰው ላይ ነው። የስኳር ሕመም ኖሮበት ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም እንደ ግሊበንክላማይድ ያለ ኪኒን የሚውጥ ደጋፊ ሰኞ ተነስቶ እንጀራ ቢያቆም ታሪኩ ሌላ ነው። መድኃኒቱ የተመጠነው ድሮ ይበላ ለነበረው እንጀራ ነው። እንጀራው ሲቀር መድኃኒቱ ያንኑ ያህል ስኳር ያወርዳል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ራስን መሳት ይከተላል። ሌሊት እንቅልፍ ላይ ከሆነ ደግሞ ደራሽም የለም። ስለዚህ መጠኑን የሚያስተካክለው ሐኪሙ ነው፤ ያውም ምግቡ ከመቀየሩ በፊት። ነፍሰ ጡርና የኩላሊት ሕመም ያለበትም እንዲሁ ነው።

ዓመቱን ሙሉ የእንስሳት ተዋጽኦ የማይነካ ሰው ቢ 12ን በኪኒን ወይም በመርፌ መውሰድ አለበት፤ ተልባም ግብጦም አይሰጡትም። እጥረቱ ደም ማነስ ብቻ ሳይሆን የእጅና የእግር መደንዘዝ ያመጣል። ጓያ ደግሞ ‹‹ርካሽ ፕሮቲን ነው›› ተብሎ ዋና ምግብ የሚሆን ነገር አይደለም። በድርቅ ዘመን ለወራት እሱን ብቻ የበሉ ሰዎች እግራቸው ሽባ ሆኖ እንደቀረ ይህች አገር በደንብ ታውቃለች። ሽሮ የሚገዛ ሰው ምን እንደተቀላቀለበት ቢጠይቅ ነውር የለውም።

ዶክተር ጄንኪንስ ከመጀመሪያው ሙከራ በኋላ አላቆሙም። በአራቱ ሳምንት ምግቡ ተዘጋጅቶ ለሰዎቹ ይሰጣቸው ነበር። ቀጣዩ ስድስት ወር ሲሆን ተሳታፊዎቹ ምክሩን ይዘው ራሳቸው ገዝተው፣ ራሳቸው አብስለው እንዲኖሩ ተደረገ። ውጤቱ በ2014 ሲታተም ሎው ካርቡን የያዙት በአማካይ 6.9 ኪሎ፣ ሌሎቹ 5.8 ኪሎ ቀንሰዋል። ከሁለቱም ቡድን በጠቅላላ የጀመሩት 39 ነበሩ። ስድስቱን ወር የጨረሱት 23 ናቸው፤ ያውም ሁሉም ነገር በየሱፐርማርኬቱ ሞልቶ በተረፈበት ቶሮንቶ።